የሲጋራ ጢስና የቬፕ ትነት፤ የመርዛቸው ልክ ሲነጻጸር

ስለ ሲጋራ ጎጂነት ማስተማር በትምህርት ቤቶቻችን የቆየ ነገር ነው። ዛሬ ግን ተማሪው «ቬፕ እንፋሎት ብቻ ነው፤ ታዲያ ምን ይጎዳል?» ሲል ይጠይቃል። «ሁለቱም አንድ ናቸው» ብለን ብናልፈው እውነት አይሆንም። «ጉዳት የለውም» ብንለው ደግሞ የባሰ ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዳቸው ወደ ሰውነት የሚገባውን መርዝ ለይተን እንመልከት።

ሲጋራ ይቃጠላል

አጫሹ በሚስብበት ጊዜ የሲጋራው ፍም ሙቀት እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ከዚህ ቃጠሎ የሚወጣው ጢስ ከ7000 የሚበልጡ ኬሚካሎችን ይይዛል፤ ከእነዚህም ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር እንደሚያመጡ ታውቋል። ቅጠሉ ተሟልቶ ስለማይነድም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይነጥቃል። ታር የተባለው እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ነገር ደግሞ በሳንባ ውስጥ ይለጠፋል።

ቬፕ ይተንናል

ቬፕ ወይም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ግን አይነድም። በባትሪ ኃይል የሚግል ጥቅል ሽቦ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ያተነዋል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ጣዕምና ሽታ ሰጪ ኬሚካሎች፣ አብዛኛውን ጊዜም ኒኮቲን አለበት። ቃጠሎ ስለሌለ ታር የለበትም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ይሁን እንጂ የሚወጣው የውሃ እንፋሎት አይደለም። ሽቦው ከልክ በላይ ሲግል ፈሳሹ ይበታተናል። ለምሳሌ አንድ የግሊሰሪን ሞለኪውል ሁለት የውሃ ሞለኪውሎች ሲያጣ ሳንባን የሚያቃጥል አክሮሊን ይሆናል። ካንሰር አምጪው ፎርማልዴሃይድም በዚሁ መንገድ ይፈጠራል። ከሽቦውና ከብየዳው ደግሞ እንደ ኒኬልና እርሳስ ያሉ ብረቶች በጥቂቱ ከትነቱ ጋር ይገባሉ።

የሽንት ምርመራ ምን ያሳያል?

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በእንግሊዝ አገር በ181 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሲጋራን ፈጽመው ትተው ወደ ቬፕ በተዛወሩ ሰዎች ሽንት ውስጥ የአንድ ከባድ የትምባሆ ካንሰር አምጪ ምልክት ከአጫሾቹ በ97 ከመቶ አንሶ ተገኘ። ኒኮቲኑ ግን ተቀራራቢ ነበር። ሁለቱንም አጣምረው በሚጠቀሙት ላይ ይህን የመሰለ ቅናሽ አልታየም።

ፈሳሹ ምን እንደተቀላቀለበትም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በተነሣው የሳንባ በሽታ እስከ የካቲት 2020 ድረስ ከ2800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ 68 ሞተዋል። ዋናው ምክንያት የካናቢስ ዘይት ባለባቸው ፈሳሾች ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ነገር ነበር።

ታዲያ ለተማሪው ምን እንበለው?

«ያነሰ ነው» ሲባል «ከምን ያነሰ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመት ላጨሰ ሰው ሲጋራን ጨርሶ ትቶ ወደ ቬፕ መዛወር መርዙን ይቀንስለታል። አጭሶ ለማያውቅ ተማሪ ግን መነሻው ሲጋራ ሳይሆን ንጹሕ አየር ነው። ከንጹሕ አየር ተነሥቶ ቬፕ መሳብ መርዝ መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለም። በተጨማሪም የወጣት አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ በማደግ ላይ ስለሆነ በኒኮቲን ሱስ በቀላሉ ይያዛል። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣትና መሸጥ ከልክሏል።

ለክፍል ሥራ፦ ተማሪዎች «ንጹሕ አየር»፣ «ቬፕ» እና «ሲጋራ» የሚል ባለ ሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ ይሥሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ታር፣ ኒኮቲን፣ አክሮሊንና ብረቶች በየትኛው ዓምድ እንደሚገቡ ምክንያቱን እየገለጹ ይሙሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ እርሱ ራሱ ዛሬ የቆመው በየትኛው ዓምድ እንደሆነ ያስብበት።