ሙጫ፣ ዕጣን፣ ማስቲሽ፦ ስለ አንድ ማጣበቂያ ስያሜ

በጣና ዙሪያ ገዳማት ቀለም ለሚበጠብጥ ጸሐፊ «ሙጫ» ማለት ከግራር ግንድ የሚለቀም፣ በውኃ የሚሟሟ፣ ጥላሸቱን ከብራናው ጋር የሚያያይዝ ነገር ነው። በመተማ በኩል ላለ ነጋዴ ግን ቃሉ ሰፋ ብሎ ከቈሰለ ዛፍ የሚወጣውን ሁሉ ሊያጠቃልል ይችላል። ይህ በዕለት ንግግር ችግር አያመጣም፤ ስለ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ የተጻፈ ጥናት ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን አንባቢን ያሳስታል።

ለዚህ የጋሞ ቆዳ አልፊዎች መሣሪያ ምስክር ነው። («ፋቂ» የሚለው መጠሪያ ለስድብ ስለ ዋለ ትተነዋል።) ካትሪን ዊድማን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳጠኑት፣ ጋሞዎች የድንጋይ መፋቂያቸውን የሚሰኩባቸው እጀታዎች ሁለት ዐይነት ናቸው። ቱቱማ የሚባለው ድንጋዩን ያለ ማጣበቂያ ይይዛል። ዙካኖ በሚባለው ግን ድንጋዩ በእጀታው ሁለት ወገን በተቦረቦረ ጎድጓዳ ገብቶ ከዛፍ በሚገኝ ማጣበቂያ ይያዛል። ድንጋዩ ሲያልቅ ማጣበቂያው በእሳት ይለሰልስና ሌላ ይተካበታል። በኮንሶም ሙያው በአብዛኛው የሴቶች ሲሆን ድንጋዩ እንዲሁ ይጣበቃል። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች በበኩላቸው ስፒኒፌክስ ከተባለ ሣር ያራገፉትን ፍርፋሪ በእሳት አቅልጠው ድንጋይን ከእንጨት ጋር ያጣብቁ ነበር።

ይህን ሁሉ «ሙጫ» ብቻ ብንለው አንባቢ የግራሩን ያስባል። የግራር ሙጫ ደግሞ በርጥብ ቆዳ ላይ ይሟሟል፤ ድንጋዩም ይወልቃል። መሣሪያው ሊሠራ የቻለው ማጣበቂያው ውኃን ስለሚቋቋምና በሙቀት ስለሚለሰልስ ነው። የስያሜው ስሕተት እንግዲህ የሙያውን ምሥጢር ይሰውራል።

«ማስቲሽ» ይሁን የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን የጥንት ምንጩ ግሪክኛ ነው፤ በዚያም በኪዮስ ደሴት ከሚበቅል ዛፍ የሚወጣና የሚታኘክ ነገር ስም ነበር። በትውልዱ ለጉዳያችን የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ጫማ ጠጋኙ የያዘውን ስም ማን ያስለቅቀዋል?

ስለዚህ በውኃ ለሚሟሟው «የውኃ ሙጫ»፣ ውኃን ተቋቁሞ በሙቀት ለሚለሰልሰው «የእሳት ሙጫ» ቢባል የተሻለ ይመስለናል። ዕጣን ግን ከፊሉ በውኃ፣ ከፊሉ በአልኮል ስለሚሟሟ ከሁለቱ በአንዱ ሊመደብ አይችልም፤ በገዛ ስሙ ይቈይ።