ከቧንቧው ውሃ በኋላ፦ የግብጽ መንደሮች የፍሳሽ መስመር በማን ገንዘብ ይዘረጋል?

የመጠጥ ውሃ ቀድሞ የገባላቸው የናይል ዴልታ መንደሮች ከቤታቸው የሚወጣውን ፍሳሽ የሚቀበል መስመር ለአስርት ዓመታት ጠብቀዋል

የግብጽ መዲና ካይሮ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የፍሳሽ ማስወገጃ ስርዓት ያስመረቀችው በፈረንጆቹ 1915 ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ የዓለም ባንክ ለሀገሪቱ የገጠር ፍሳሽ ማስወገጃ መርሐ ግብር 550 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በዚያን ጊዜ ከመዲናዋ በጥቂት ሰዓታት ርቀት ላይ በሚገኙ በርካታ መንደሮች አንድም የሕዝብ ፍሳሽ መስመር አልነበረም።

ከግብጽ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በገጠር ነው። የመጠጥ ውሃ መስመር ለአብዛኛው የገጠር ነዋሪ ሲዳረስ፣ የፍሳሽ መስመሩ ግን ከከተሞች አልፎ ወደ መንደሮች የገባው እጅግ በዝግታ ነው። ችግሩን ያባባሰውም ይኸው የሁለቱ አገልግሎቶች አለመመጣጠን ነው። ውሃ በእንስራ በሚቀዳበት ዘመን ከአንድ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ጥቂት ነበር፤ ቧንቧ ከገባ በኋላ ግን ለመታጠቢያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለመጸዳጃ የሚውለው ውሃ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ያንን ሁሉ የሚቀበለው ግን ቀድሞ ከቤቱ ሥር የተቆፈረው ጉድጓድ ሆኖ ቀረ።

በአካባቢው አጠራር “በያራ” የሚባለው ይህ ጉድጓድ በደረቅ አፈር ላይ ፍሳሹን ቀስ በቀስ ወደ መሬት ያሰርጋል። በናይል ዴልታ ግን የከርሰ ምድር ውሃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ በመሆኑ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ ወደ መንገድ ይፈስሳል፤ እርጥበቱም የቤቶችን ግድግዳ ከሥር ይበላል። ነዋሪዎች ጉድጓዱን የሚያስመጥጡት በትራክተር ወይም በእንስሳ ለሚጎተት የፍሳሽ ማንሻ ጋሪ እየከፈሉ ሲሆን፣ የተመጠጠው ፍሳሽ ብዙውን ጊዜ የሚደፋው በአቅራቢያ ባለ ቦይ ውስጥ ነው።

ከዚያው ቦይ ውሃ ስቦ እርሻውን የሚያጠጣው ደግሞ በታችኛው በኩል የሚገኘው መንደር ነው። በ2009 በቃሊዩቢያ ግዛት ባራዳ በተባለች መንደር የታይፎይድ ወረርሽኝ ሲከሰት፣ የመጠጥ ውሃው ከፍሳሽ ጋር መቀላቀሉ በምክንያትነት መነሳቱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ የገጠር ፍሳሽ ጉዳይ የጤና ጥያቄም ሆኖ መነጋገሪያ ሆኗል።

ነዋሪዎች ራሳቸው የዘረጉት መስመር

መንግሥትን መጠበቅ የሰለቻቸው መንደሮች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ቱቦ የቀበሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ቱቦዎቹ ፍሳሹን ከቤቶች ሰብስበው በአቅራቢያ ወዳለው የእርሻ ማፋሰሻ ቦይ ይወስዱታል። በዚህም መንደሩ ከእርጥበትና ከሽታ ይገላገላል፤ የየወሩ የማስመጠጫ ወጪም ይቀርለታል።

ይሁንና እነዚህ መስመሮች መጨረሻቸው ላይ ማጣሪያ የላቸውም። በ1982 የወጣው ሕግ ቁጥር 48 የናይልን ወንዝና የውሃ መስመሮችን ከብክለት ለመጠበቅ ፍሳሽን ያለፈቃድና ደረጃውን ሳይጠብቁ መልቀቅን ይከለክላል። በመሆኑም መንደርተኛው በገዛ ገንዘቡ የሠራው መስመር ለእርሱ መፍትሔ ቢሆንም፣ ለታችኛው መንደር ግን ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም።

መሬቱ የሚያስከፍለው ዋጋ

ፍሳሽ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ቱቦው ተዳፋት ሊኖረው ይገባል። ዴልታው ግን ሜዳ ነው። በሜዳ ላይ የሚዘረጋ ቱቦ በራቀ ቁጥር ጥልቀቱ እየጨመረ ሄዶ ከከርሰ ምድር ውሃው በታች ይገባል፤ ቁፋሮውም ውሃውን ያለማቋረጥ በፓምፕ እየሳቡ የሚከናወን ይሆናል። በጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ የቆሙ አሮጌ የጭቃ ጡብ ቤቶች ባሉበት ይህ ሥራ ጥንቃቄ ካልተደረገበት ግድግዳ ሊሰነጥቅ ይችላል። ጥልቀቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ደግሞ ፍሳሹን ወደ ላይ የሚያነሳ የፓምፕ ጣቢያ ያስፈልጋል።

ለፓምፕ ጣቢያና ለማጣሪያ የሚሆን ቦታ ማግኘት ሌላው ፈተና ነው። የእርሻ መሬት በግብጽ ጠባብና ውድ ከመሆኑም በላይ ከግንባታ በሕግ የተጠበቀ ነው። ለዚህም በብዙ ቦታዎች ነዋሪዎች ለጣቢያው የሚሆን መሬት በስጦታ ይሰጣሉ፤ አለበለዚያም አዋጥተው ይገዛሉ። ስጦታው በፈቃድ መሆኑንና የመሬቱ ተጠቃሚ ሌላ ሰው አለመጎዳቱን ማረጋገጥ ከአበዳሪዎች ዋና ጥያቄዎች አንዱ ነው። መሬቱ ባልተገኘበት መንደር ቱቦው ተቀብሮ እንኳ ፍሳሹ የሚሄድበት ስለማይኖር ሥራው ባለበት ይቆማል።

ወጪውን ለመቀነስ አንዱ መንገድ ተቀራራቢ መንደሮችን በአንድ ማጣሪያ ጣቢያ ማገናኘት ነው። ርቀው የተበታተኑ ትናንሽ ሰፈሮች ግን በዚህ ስሌት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው የቱቦ ርዝመት እጅግ ይበዛልና። የግብጽ የመጠጥ ውሃና ፍሳሽ ኩባንያ ከስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን በዴልታው ባካሄደው ጥናት ለእንደነዚህ ያሉት ሰፈሮች አነስተኛ ማጣሪያዎች ያላቸው አማራጭነት ተፈትሿል።

ውጤት ሲታይ የሚከፈል ብድር

የዓለም ባንክ መርሐ ግብር የጀመረው በቤሄይራ፣ በዳካህሊያ እና በሻርቂያ ግዛቶች ነው። ቅድሚያ የተሰጠው ፍሳሻቸው የናይል ራሺድ ቅርንጫፍን እና ወደ ሲና የሚያልፈውን የሰላም ቦይ ለሚበክል መንደሮች ነበር። በ2018 ባንኩ ተጨማሪ 300 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፣ የእስያ መሠረተ ልማት ኢንቨስትመንት ባንክም ተመሳሳይ መጠን አበድሯል፤ ሥራውም ወደ ሌሎች የዴልታ ግዛቶች ሰፍቷል።

ብድሩን ከቀድሞዎቹ የሚለየው አከፋፈሉ ነው። ገንዘቡ የሚለቀቀው ኮንትራክተሩ ባቀረበው ደረሰኝ አይደለም፤ አገልግሎት የሚሰጥ የቤት ለቤት ግንኙነት መኖሩና የግዛቱ የውሃ ኩባንያ አሠራሩን ማሻሻሉ በገለልተኛ ወገን ሲረጋገጥ ነው። ዋናው ቱቦ በመንገዱ መካከል አልፎ ቤቶቹ ሳይገናኙ የሚቀሩበት ሁኔታ የተለመደ በመሆኑ፣ የተቆፈረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን የተገናኘው ቤት እንዲቆጠር ተደርጓል። ዕቅድ የማውጣትና ግንባታን የመምራት ኃላፊነትም ከማዕከላዊው መንግሥት ተቋማት ወደ ግዛት ኩባንያዎች እንዲሸጋገር ታስቧል።

በሌላ በኩል መንግሥት በ2019 “ሃያ ካሪማ” ወይም “የተከበረ ሕይወት” በሚል ስያሜ የገጠር ልማት መርሐ ግብር ጀምሯል። በ2021 የሰፋው ይህ መርሐ ግብር ከ4 ሺህ 500 በላይ መንደሮችን ለመድረስ ያቀደ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 1 ሺህ 477 መንደሮችን ያካትታል። ከመንገድ፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ተቋም ጎን ለጎን የፍሳሽ መስመር ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ ነው።

ከምረቃ በኋላ ያለው ሂሳብ

ግንባታው በብድርና በበጀት ቢያልቅም ማንቀሳቀሻው የየዕለት ወጪ ነው። ፓምፖች መብራት ይፈልጋሉ፤ ቱቦ ይዘጋል፤ መለዋወጫ ከውጭ ይገባል፤ ሠራተኛ ደመወዝ ይጠብቃል። በግብጽ የፍሳሽ አገልግሎት ክፍያ በውሃ ሂሳቡ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ በመሆኑ፣ የውሃው ታሪፍ ዝቅተኛ ሲሆን የፍሳሹም ገቢ አብሮ ያንሳል። መንግሥት ታሪፉን ደጋግሞ ከፍ ቢያደርግም በዝቅተኛ ገቢ በሚተዳደሩ ቤተሰቦች ላይ የሚያሳድረው ጫና እጁን ይይዘዋል።

የምንዛሪ ለውጥም ሌላ ሸክም ጨምሯል። የግብጽ ፓውንድ በኅዳር 2016 ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በተደጋጋሚ ወድቋል። ብድሩ የሚመለሰው በዶላር፣ ነዋሪው የሚከፍለው ደግሞ በፓውንድ ነው።

ያም ሆኖ ለነዋሪው ንጽጽሩ ቀላል ነው። ጉድጓዱን በየጊዜው ለማስመጠጥ የሚያወጣው ገንዘብ ከወርሃዊው የፍሳሽ ክፍያ በላይ ሊሆን ይችላል። ከባዱ፣ ቤቱን ከዋናው መስመር ለማገናኘት በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ክፍያ ነው። ይህ ክፍያ በየወሩ ተከፋፍሎ ካልተሰበሰበ በቀር መስመሩ በደጃቸው እያለፈ በበያራ የሚቀሩት በጣም ድሃ የሆኑት ቤቶች ይሆናሉ።

የውሃ እጥረት ባለባት ሀገር የተጣራ ፍሳሽ ራሱ ዋጋ አለው። በመስከረም 2021 የተመረቀው የባህር አል-በቀር ማጣሪያ በቀን 5 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የማፋሰሻ ቦይ ውሃ አጣርቶ ወደ ሲና እርሻዎች እንዲልክ ታስቦ ተገንብቷል። ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚነሳው ዓባይ ጉዞውን በሚያበቃበት ዴልታ፣ እንዲህ ያሉት ግዙፍ ጣቢያዎች የሚቀበሉት ውሃ ምን ያህል የቆሸሸ እንደሚሆን የሚወስነው ግን ከላይ ባሉት መንደሮች የሚሠራው ሥራ ነው። ቀሪዎቹ መንደሮች ተራቸው እስኪደርስ ድረስ የፍሳሽ ማንሻው ጋሪ ወደ ቦዩ መመላለሱን አያቆምም።