በበረዶ ላይ መንሸራተት፦ ከዝላይ በፊት ወድቆ መነሳት

በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ የበረዶ ስኬቲንግ ልማር ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ስፖርቱ ልብንና የእግር ጡንቻን ያጠነክራል፤ ሚዛን መጠበቅንም ያስተምራል። ሆኖም መውደቅ አይቀርም፤ የእጅ አንጓ፣ ቁርጭምጭሚትና ጭንቅላት ሊጎዱ ይችላሉ።

ስለዚህ ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ ነው። «ለርን ቱ ስኬት ዩኤስኤ» የተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም 6 መሠረታዊ ደረጃዎች አሉት። ጀማሪው መጀመሪያ የሚማረው በረዶው ላይ ተቀምጦ መነሳትን ነው። ቀጥሎ መራመድ፣ መንሸራተት፣ መቆምና ወደ ኋላ መሄድ ይመጣሉ። አየር ላይ አንድ ዙር ተኩል የሚዞሩበት «አክሰል» ዝላይ የሚደረስበት ከብዙ ልምምድ በኋላ ነው። ልጃችሁን አታጣድፉት።

ጀማሪ ሄልሜትና ጓንት ያድርግ፤ ጫማው ልኩ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይያዝ። ሚዛኑን ሲስት ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ይውደቅ፤ እጁን ዘርግቶ አይመክት። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም መደናገር ከታየበት ልምምዱን አቁሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ሴት ልጆቻችሁንም ሒጃብ አያግዳቸውም፤ ጫፉ ሳይንጠለጠል በደንብ ይታሰር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ተወላጅ ዛህራ ላሪ በ2012 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ በሒጃብ ተወዳድራለች።