በመተማ የአሮጌ ጠመንጃ ማንነት እንዴት ይለያል?

መተማ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት የድንበር ከተማ ናት። ሠራዊታቸው ከታጠቃቸው መሣሪያዎች መካከል በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ጦር የተማረኩ ሬሚንግተኖች ይገኙበታል። በመሆኑም በአካባቢው ከአባት ለልጅ የተላለፈ ጠመንጃ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ለምዝገባ ሲቀርብ፣ መዝጋቢው አካል እግረ መንገዱን ቅርስ ሊያገኝ ይችላል።

ባለቤቱ የሚነግረው ስም ብቻውን አያስተማምንም። «ውጅግራ» ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ»፣ «ምንሽር» ደግሞ ከኦስትሪያው ማንሊኸር የተገኙ መጠሪያዎች ቢሆኑም በአፍ ልማድ ስምና መሣሪያ ሊለያዩ ይችላሉ። መታየት ያለበት ብረቱ ነው። ሬሚንግተን አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሲሆን፣ መዶሻው ከተሳበ በኋላ መዝጊያው ወደ ኋላ ተንከባሎ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ግራም ባለአንድ ጥይት ነው፤ መዝጊያው ግን በእጀታ የሚሳብ፣ ጥይቱም 11 ሚሊ ሜትር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የተሠራው የቤልጅግ ጠመንጃ አምስት ጥይት ይጎርሳል፤ የይሁዳ አንበሳ ዓርማም ተቀርጾበታል።

ዓርማ ዋጋንም ይወስናል። በጃፓኑ አሪሳካ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ የአበባ ምልክት ተፍቆ ከተገኘ ሰብሳቢዎች የሚሰጡት ዋጋ ይቀንሳል። ዝገቱን ለማስለቀቅ ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈተግ ጠመንጃም ከዝገቱ ጋር ጽሑፉንና መለያ ቁጥሩን ያጣል። ቅርስነቱ የሚያጠራጥር መሣሪያ ሲያጋጥም፣ ሳይነካካ ቁጥሩ ተመዝግቦ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲታይ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል።