የጣናን ዓሣ የሚያመናምነው ኮርሞራንት ነውን?

ኮርሞራንት የተባለው ወፍ በበርካታ የዓለም ክፍሎች የባሕር ጠረፍ ነዋሪ ሲሆን፣ በአገራችን ግን የሚታወቀው በሐይቆች ዳርቻ ነው። ዓሣ በቀነሰበት ሥፍራ ሁሉ በቅድሚያ የሚጠረጠረውም እንዲህ ያለው ዓሣ በል ወፍ ነው።

በጣና ከሚገኙት ጠላቂ ወፎች ሦስቱ በቀላሉ ይምታታሉ። ትልቁ ኮርሞራንት ከ80 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጀርባው ጥቁር፣ ከጉሮሮው እስከ ደረቱ ነጭ፣ የመንቁሩም ጫፍ እንደ መንጠቆ የቆለመመ ነው። ትንሹ ኮርሞራንት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን ጅራቱ ረጅም፣ ዓይኑም ቀይ ነው። ሦስተኛው ወፍ ቀጭን አንገትና ጦር የመሰለ ቀጥ ያለ መንቁር አለው። ሲዋኝ አካሉ ሰጥሞ አንገቱ ብቻ ስለሚታይ፣ ከሩቅ የተመለከተው ሰው እባብ ቢለው አይፈረድበትም።

ኮርሞራንት ዓሣውን የሚያሳድደው በውኃ ውስጥ በእግሮቹ እየቀዘፈ ነው። የላባው ውጫዊ ክፍል ከዳክዬ ላባ በተለየ መልኩ ውኃ ያስገባል፤ ይህም ለመጥለቅ ያግዘዋል። ከውኃ ሲወጣ ክንፎቹን ዘርግቶ በድንጋይ ወይም በዛፍ ላይ ሲደርቅ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትልቁ ኮርሞራንት በቀን ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ዓሣ ይመገባል።

መጠኑ ቀላል አይደለም። ሆኖም ወፉና ዓሣው ለረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል። የተለወጠው የማስገሩ ሥራ ነው። በጣና በሞተር ጀልባ የሚካሄድ ዓሣ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል በሐይቁ ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል ማሽቆልቆሉን ጥናት አመልክቷል። አጥኚዎቹ ለዚህ በዋናነት የጠቀሱት ወፍን ሳይሆን፣ ለመራባት የሚሰባሰበውን ዓሣ በመረብ ማስገርን ነው።

ጉዳዩ ሐይቁን ለማያዋስኑት ወረዳዎችም ባዕድ አይደለም። ነጭ ዓሣ በክረምት ሽቅብ ከሚወጣባቸው ወንዞች መካከል ርብና ጉማራ የሚነሱት በእስቴ፣ በፋርጣና በላይ ጋይንት መካከል ከሚገኘው የጉና ተራራ ነው። ዓሣው ዕንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ባለበት ንጹሕ ወራጅ ውኃ ሲሆን፣ ከታረሰ ተዳፋት የሚወርደው ደለል ግን ጠጠሩን ያለብሰዋል። በጉና ግርጌ የሚሠራው እርከን እንግዲህ ለእርሻው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በታችኛው ተፋሰስም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ተቆጥሯል፤ በክረምት በወንዞቹ አፍ የሚዘረጋውን መረብ መቆጣጠር ወፍ ከማባረር ሊቀድም ይገባል።