ስድስተኛው መኪና ለምን አይገኝም?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ልጆች መጫወቻ ሲጽፍ «ሌላ ቁም ነገር አጣ ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዳሩ ግን መጫወቻ ዛሬ የልጅ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ትልልቅ ኩባንያዎች የሚከብሩበት፥ ጎልማሶች ሌሊት ተሰልፈው የሚያድሩለት፥ በሐራጅም የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። የዚህም ነገር ጫፉ እስከ ወልቂጤና እስከ ቡታጅራ ሱቆች ስለ ደረሰ፥ አሠራሩን ለጓደኞቼ፥ ለወላጆችና ለመምህራን ጥቂት ለማስረዳት አስቤአለሁ።

መሰብሰብ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በሰፈራችን ቆርኪና ብይ ያልሰበሰበ ልጅ የለም። ከቆርኪ መካከል አንዳንዱ ብርቅ ነበረ፤ ብርቅ የሆነበትም ምክንያት ያን መጠጥ በከተማው የሚጠጣው ሰው ጥቂት በመሆኑ ነው እንጂ ማንም ሆን ብሎ ያሳነሰው የለም። ብርቁን ቆርኪ ያገኘ ልጅ ያገኘው ዓይኑ ፈጣን ስለ ሆነ ወይም ቀድሞ ስለ ተነሣ ነው። የሽቦ መኪና፥ የአገዳ መነጽር፥ በቃጫ የተጠፈረ የጨርቅ ኳስም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት አንድ ዓይነት የሽቦ መኪና ማንም አይቶ አያውቅም። እንግዲህ አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ብርቅነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በጊዜና በአጋጣሚ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው በፋብሪካ የተሠራ ነው። የዛሬው ሰብሳቢ የሚበሳጨው በሁለተኛው ነው።

የፋብሪካ መጫወቻ ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ የታወቀ ነው። ከቻይና፥ ይልቁንም ከጓንግዶንግ ክፍለ አገር፥ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ መርካቶ ይገባል፤ ከመርካቶ ደግሞ ወደየከተማው ይበተናል። ለኛ ለጉራጌ ልጆች ግን ሌላም መንገድ አለ። ለመስቀልና ለአረፋ ከአዲስ አበባ የሚመጡት አባቶች፥ አጎቶችና ታላላቅ ወንድሞች ሻንጣቸው ውስጥ ይዘውልን ይመጣሉ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን የፕላስቲክ መኪና ያየነው ከሥጋውና ከቅቤው ጋር በበዓል ሰሞን ነው።

ታናሽ ወንድሜም ስብሰባውን የጀመረው ባለፈው ዓመት በመስቀል ከአጎታችን እጅ በተቀበላት አንዲት የታሸገች ሳጥን ነው። በሳጥኗ ላይ ስድስት የሥራ መኪናዎች ተሥለዋል፤ አምቡላንስ፥ የእሳት አደጋ መኪና፥ ገልባጭ፥ ታክሲ፥ አውቶቡስና ቢጫ ሎደር። በውስጧ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ ሳይከፈት አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ የበዓል ገንዘቡን ሁሉ በዚህችው ሳጥን ጨርሶ አምስቱን አገኘ፤ አምቡላንስ ብቻ ሦስት ጊዜ ደረሰው፤ ሎደሩ ግን ጠፋ። አንድ ቀን አብሬው ወደ ሱቅ ሄጄ «ጋሼ፥ ሎደሩ የትኛው ውስጥ ነው?» ብዬ ብጠይቅ፥ ባለ ሱቁ «ልጄ፥ እኔም ታሽጎ ነው የሚመጣልኝ፤ ባውቀው ኖሮ ለየብቻው አድርጌ በእጥፍ እሸጠው ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ሻጩም እንደ ገዢው ዓይኑ የታሰረ ነው።

እንግዲህ ሎደሩ የት ሄደ? መልሱ በካርቶኑ ላይ ነው። ፋብሪካው ትልቁን ካርቶን ሲያሽግ ከየዓይነቱ ስንት እንደሚገባ አስቀድሞ ይወስናል፤ ሁሉም እኩል መግባት ግዴታ የለበትም። አምቡላንሱ አምስት ሲገባ ሎደሩ አንድ ብቻ ሊገባ ይችላል። በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይህን ስለሚያውቁ ካርቶኑን እንዳለ ይገዙታል። እኛ ዘንድ ግን ካርቶኑ መርካቶ ላይ ተከፍቶ ግማሹ ወደ ወልቂጤ፥ ግማሹ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ስለዚህ አንዲቷ ሎደር ሆሳዕና ወርዳ ከሆነ፥ የወልቂጤ ልጅ የሱቁን ሳጥን ሁሉ ቢገዛ አያገኛትም። በሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ግን በሁለቱም ከተማ አንድ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ በክፍል ከተማርነው የዕድል ስሌት አይርቅም። ፋብሪካው ቅን ነው፥ ስድስቱም እኩል ገብተዋል፥ በደንብም ተደባልቀዋል እንበል። የመጀመሪያው ሳጥን ያለ ጥርጥር አዲስ መኪና ይሰጣል፤ ስለዚህ 1 ሳጥን ይበቃል። ሁለተኛውን አዲስ ለማግኘት ከስድስቱ ዕድል አምስቱ ይጠቅሙናልና በአማካይ 1.2 ሳጥን ያስፈልጋል። ሦስተኛው 1.5፥ አራተኛው 2፥ አምስተኛው 3፥ ስድስተኛው ለብቻው 6 ሳጥን ይፈልጋል። ሲደመር 14.7 ይሆናል። አባት «ስድስት መኪና ነው፥ ስድስት ሳጥን ይበቃል» ብሎ ኪሱን ሲዳስስ እውነተኛው ዋጋ ወደ አሥራ አምስት ሳጥን ይጠጋል ማለት ነው። ይህም ፋብሪካው ቅን ሲሆን ነው። ሎደሩ ከ24 ሳጥን በአንዱ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፥ እርሱን ብቻ ለማግኘት በአማካይ 24 ሳጥን ይከፈታል። ሎተሪ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ልዩነቱ የሎተሪ ትኬት ሻጭ ትኬቱን ለሕፃን አለመሸጡ ነው። በቻይና ራሷ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ድብቅ ሳጥን ከስምንት ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንዳይሸጥ፥ ከዚያ በላይ ላለውም የአሳዳጊ ፈቃድ እንዲጠየቅ አዟል።

«ታዲያ ፋብሪካው ሎደሩን አብዝቶ ቢሠራ ምን ይጎዳዋል?» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ የአሠራሩን ምስጢር ማወቅ ያስፈልጋል። በፕላስቲክ መጫወቻ ሥራ ውድ የሆነው ፕላስቲኩ አይደለም፤ ሞልድ የሚባለው የቀለጠው ፕላስቲክ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ነው። ሞልዱ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ብዙ ሺህ ዕቃ ይወጣበታል። ስለዚህ ነጋዴው ያንኑ ቅርጽ ቀለሙን ብቻ እየለወጠ «ይህኛው ልዩ ነው፥ በቁጥር የተወሰነ ነው» ቢል ወጪው እምብዛም አይጨምርም፤ የሰብሳቢው ጉጉት ግን እጥፍ ይሆናል። ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ሆት ዊልስ የሚባሉትን ትንንሽ መኪናዎች ይሠራል። በ1995 አሥራ ሁለት መኪናዎችን መርጦ፥ ከያንዳንዱ 10,000 ብቻ ሠርቶ፥ «የሀብት ፍለጋ» የሚል ስም ሰጥቶ ከተራዎቹ ጋር ደባልቆ አወጣ። አሥር ሺህ ለኛ ብዙ ይመስላል፤ ለዓለም ግን ኢምንት ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ አየር በአየር ነጋዴዎች ሱቅ ሲከፈት ቀድመው ገብተው ብርቆቹን ለቅመው በብዙ እጥፍ ይሸጧቸዋል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያገኘው የተረፈውን ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለሽያጭ የቀረቡት ቢኒ ቤቢስ የተባሉ ትንንሽ የጨርቅ እንስሳት ነበሩ። ኩባንያው አንዱን እንስሳ በድንገት «ጡረታ ወጥቷል» እያለ ማምረቱን ያቆማል፤ ዋጋው ወዲያው ይሰቀላል። ሰዎች ለልጆቻቸው የኮሌጅ ገንዘብ ይሆናል ብለው በሣጥን ሞልተው አስቀመጡ። በ1999 በላስ ቬጋስ የተፋቱ ባልና ሚስት በዳኛ ትእዛዝ ችሎት ወለል ላይ ተቀምጠው እንስሳቱን አንድ በአንድ ሲካፈሉ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። በዚያው ዓመት ኩባንያው ሁሉንም ጡረታ አወጣለሁ ብሎ አወጀ፥ ኋላም ሐሳቡን ለወጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ዋጋው ተንኮታኩቶ ወደቀ። ሣጥኖቹ ዛሬም በየቤቱ ጣራ ሥር አሉ ይባላል።

የኛ ዘመን ደግሞ የላቡቡ ነው። ይህ ጥርሱን ያገጠጠ ባለ ረጅም ጆሮ ፍጡር እ.ኤ.አ. በ2015 ካሲንግ ሉንግ በተባለ ሠዓሊ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ተወለደ፤ ከ2019 ወዲህ ፖፕ ማርት የተባለው የቻይና ኩባንያ በድብቅ ሳጥን ይሸጠዋል። «ምስጢራዊ» የሚባለው ዓይነት በብዙዎቹ እትሞች ከ72 ሳጥን በአንዱ ይገኛል። በ2025 በብሪታንያ ገዢዎች ተጋፍተው ስለ ተጣሉ ኩባንያው ለጊዜው በሱቅ መሸጡን አቁሞ ነበር፤ በዚያው ዓመት በፔኪንግ ቁመቱ ሰው የሚያህል አንድ ላቡቡ በሐራጅ በ1.08 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጧል። ወደ እኛ የሚደርሰው ግን አብዛኛው አስመሳዩ ነው። ለማወቅ ጥርሱን መቍጠር ነው፤ እውነተኛው ዘጠኝ ጥርስ አለው። አንዲት የክፍላችን ልጅ ቦርሳዋ ላይ ያንጠለጠለችውን ብንቈጥረው አሥራ አንድ ሆነ። እርስዋ ግን «ከእናንተው ይልቅ ሁለት ጥርስ አተረፍሁ» ብላ ሳቀች፤ እኔ ከሁላችንም የገባት እርስዋ ናት እላለሁ።

ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ወግ ብቻ እንዳይመስል፥ በአገራችን ስም የተደረገ የቆየ ምሳሌ አለ። መጫወቻ ሳይሆን ቴምብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም በ1886 ዓ.ም. አዘዙ፤ የመጀመሪያዎቹም ሰባት ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱና የአንበሳ ምስል ያለባቸው በፓሪስ ታተሙ። ነገር ግን ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችው የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ቴምብሮቹ ግን ገና አገር ቤት ሥራ ሳይጀምሩ በፓሪስ ለሰብሳቢዎች ይሸጡ ነበር። ቀጥሎም በዚያው ቴምብር ላይ አንድ ጊዜ የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ፥ አንድ ጊዜ «ቦስታ» የሚል ቃል በማኅተም እየተመታበት እንደ አዲስ ወጣ፤ አንዱ ሞልድ ቀለም እየለወጠ እንደሚወጣው ማለት ነው። ማኅተሙን ማስመሰል ቀላል በመሆኑም ሐሰተኞቹ በዙ። እ.ኤ.አ. በ1919 በስዊስ አገር የታተሙት ባለ ቀጭኔ፥ ባለ ሰጎንና ባለ ዝሆን ቴምብሮችም እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ ኋላ ግን በብዛት እንደገና ስለ ታተሙ የመጀመሪያውን ከተደገመው ለመለየት ሰብሳቢው ጀርባውን ገልብጦ ሙጫውን መመርመር አለበት። ላቡቡን ጥርስ እንደ መቍጠር ነው።

ልዩነቱ ቴምብር የሚሰበስቡት ባብዛኛው አዋቂዎች መሆናቸው ነው። መጫወቻ ሰብሳቢው ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ስለ ዕድል ስሌትም ሆነ ስለ ካርቶን የነገረው የለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕቃ ሁሉ ስለ ተወደደ አንዲቷ ሳጥን የደብተር ዋጋ አልፋለች። ወላጆች ልጁን «አታባክን» ብለው ከመቈጣት ይልቅ ይህን ሒሳብ በእርሳስ ሠርተው ቢያሳዩት ይሻል ይመስለኛል። ወንድሜ ሲያይ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ፥ «ታዲያ ፋብሪካው ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያውቃል አልሁት።

አንድ ነገር ግን ፋብሪካው ሊከለክለው አይችልም፤ እርሱም መለዋወጥ ነው። ሁለት ልጆች ለየብቻ ስድስት ስድስቱን ለመሙላት በአማካይ 29.4 ሳጥን ያስፈልጋቸዋል፤ ትርፉን እየተሰጣጡ አብረው ቢሰበስቡ ግን ወደ 24 ሳጥን ይበቃቸዋል። ተለዋዋጩ ሲበዛ ሒሳቡ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ይልቁንም አንዱ ልጅ ወልቂጤ፥ ሌላው ቡታጅራ ቢሆን፥ መርካቶ ላይ የተለያየው ካርቶን ተመልሶ ይገናኛል። ለሚቀጥለው መስቀል ዘመድ ሲሰባሰብ ለመሞከር አስበናል። እስከዚያው ድረስ በቤታችን ሁለት ትርፍ አምቡላንስና አንድ ትርፍ ታክሲ አለ። ቢጫ ሎደር ትርፍ ያለው አንባቢ በዕረፍት ሰዓት 12ኛ ክፍል መጥቶ ያነጋግረኝ፤ ወንድሜ ለአንድ ሎደር ሦስቱንም እሰጣለሁ ብሏል፥ ሁለት ይበቃል ብዬ ብመክረውም።