የግራና ቅሬና የአዲስ አበባ እድር

ስለ ሰሜን ወሎ በሚጻፉ የፕሮጀክት ሰነዶች ውስጥ ቅሬ አንድ መስመር ተሰጥቶት «የገጠሩ እድር» ተብሎ ይታለፋል። ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል። ሀብሩ ወረዳ፣ ግራና ላይ ማሽላ የሚያርስ ገበሬና አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ ሁለቱም ሰው ሲሞትባቸው ብቻቸውን እንዳይቀሩ ማኅበር አላቸው። እስከዚህ ድረስ አንድ ናቸው። ከዚህ ወዲያ አንደኛው ጉልበቱን ያዋጣል፣ ሌላኛው ገንዘቡን። ይህን ልዩነት ልብ ብሎ ያየ ሰው የሁለቱን አካባቢዎች ኑሮ ከብዙ ሪፖርት በተሻለ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ።

እድርን ለአንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ወርሃዊ መዋጮ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት፤ ሰው ሲሞት ደግሞ በደንቡ መሠረት ለቤተሰቡ የሚከፈል ገንዘብ። እድር የከተማ ልጅ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብቅ ብሎ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ተስፋፋ። ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የገባው ሰው ዘመድ በሌለበት ቀባሪ እንዳያጣ ያቋቋመው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ከደነገገ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የማኅበራት መመዝገቢያ ደንብ ከወጣ ወዲህ ማኅተም አስቀርጸው የተመዘገቡ እድሮች ጥቂት አይደሉም።

ቅሬ ጋ ማመልከቻ የሚባል ነገር የለም። ጎጆ የወጣ ሁሉ በሚኖርበት ጎጥ የቅሬ ሰው ነው። የቅሬ ዳኛ አለ፤ ዳኛው የሚመረጠው በአንደበቱና በፍርዱ እንጂ በሀብቱ አይደለም። ሰው ሲሞት ጠሪው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ ዛሬ ዛሬ ስልክም አግዞታል። ወንዱ ዶማና አካፋውን ይዞ ወደ መቃብር፣ ሴቷ እንጀራዋን፣ ውሃዋንና እንጨቷን ይዛ ወደ ሐዘን ቤት። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል።

የሀብሩ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑም ከጎኑ ይኖራል። ቅሬው አንድ ነው። ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ መቃብር ይቆፍራል፣ ይሸከማል፤ ሶላተል ጀናዛው ሲሰገድ ፈንጠር ብሎ ይቆማል፤ ሶላቱ ሲያበቃ ተመልሶ አፈር ያለብሳል። ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ እንዲሁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ፍትሐቱ የካህናቱ ነው። በሶደቃውም በተዝካሩም እርዱ ለየብቻ ነው፣ ድስቱም ለየብቻ፤ ለቅሶው ግን አንድ ላይ ነው። ይህ የየጁ አገር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ከ1778 እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ ጎንደር ላይ ንጉሥ ሲያነግሡና ሲሽሩ የኖሩት የየጁ መሳፍንት ወረ ሼህ ይባሉ ነበር፤ ዘራቸውን ከሼህ እየቆጠሩ በክርስትና የገዙ ናቸው። ካንድ አያት የወረዱ ሰዎች በሁለት ሃይማኖት መገኘታቸው እዚህ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። እንግዳ የሚሆንበት ከሌላ ቦታ የመጣው ጸሐፊ ብቻ ነው።

ቅሬ ገንዘብ የማያዋጣው ሰዉ ድሃ ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች የሀብሩን ከተማ የመርሳን ማንጎ በልተው አያውቁም ማለት ነው። ከቆቦ እስከ ግራና በተዘረጋው ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ እየወጣ በመስኖ ይለማል፤ ሽንኩርቱና ፍራፍሬው በመኪና ተጭኖ ይወጣል፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም የማሽላ ዝርያዎችን የሚያወጣው እዚያው ሀብሩ ውስጥ ነው። ድርቅ አገሩን ክፉኛ ጎድቶታል፤ የ1966ቱም የ1977ቱም ረሃብ ሰው ጨርሶበታል። ቢሆንም ዛሬ ወር እየቆጠረ ብር ማዋጣት የሚችል ገበሬ ሞልቷል። ገንዘብ ያልገባበት ምክንያት ሌላ ነው፤ እሱን ለማየት ከቃሬዛው የተሻለ ነገር የለም።

ስለ ቅሬ አንድ ነገር ብቻ አሳይ ብባል ቃሬዛውን ነው የማሳየው። ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች፣ መሐላቸውን የሚይዙ አጫጭር አግዳሚዎች፣ በላያቸው ላይ የተጎነጎነ ጠፍር። ዛሬ ብዙው በናይለን ገመድ ተተክቷል፤ እኔ አልወደውም። ናይለን መሐሉ ላይ ይረግብና የታማሚውን ወገብ ያጎብጠዋል። ጠፍር በእርጥቡ ተወጥሮ ሲደርቅ ከረር ብሎ ይይዛል፣ ሰውነትንም አይቆርጥም። አንድ ጠላት ብቻ አለው፤ ዝናብ። ከቀብር መልስ ቃሬዛውን ደጅ ጥሎ የሚገባ ጎረምሳ መቀጣት አለበት እላለሁ፤ አንድ የክረምት ሌሊት ብቻ ጠፍሩን ያላላዋል፣ መላላቱም የሚታወቀው በማግስቱ ምጥ የያዛት ሴት ስትተኛበት ነው።

ምጥ የያዛት ሴት ያልኩት አውቄ ነው። ከተሜው ቃሬዛ ሲባል የሚያስበው አስከሬን ነው፤ ይህ ነው ትልቁ ስህተት። የቅሬ ቃሬዛ ከሞተ ሰው ይልቅ በሕይወት ያለ ሰው የሚመላለስበት ዕቃ ነው። ገደል የወደቀ፣ እባብ የነደፈው፣ ደም የሚፈሳት ወላድ። ገጠሩ ተበታትኖ በየተረተሩ ላይ ነው የሚኖረው፤ አምቡላንሱ የሚደርሰው መኪና መንገዱ ድረስ ብቻ ነው። ከቤቱ እስከ መንገዱ ያለውን የሚሸፍነው ቅሬው ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቃሬዛውን «ባህላዊ አምቡላንስ» ብሎ በሥራው ውስጥ አስገባው። ስሙን እንጂ ሥራውን አዲስ ያደረገው የለም።

አሸካከሙ ራሱ ትምህርት ነው። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌሎቹ ከጎን ከጎን ይሄዳሉ። የደከመው ትከሻውን ሳያወርድ ተተኪው ከሥሩ ገብቶ ይቀበለዋል፤ ቃሬዛው መሬት አይነካም። ቁልቁለት ሲሆን ረጃጅሞቹ ከፊት፣ ዳገት ሲሆን ረጃጅሞቹ ከኋላ ይሆናሉ፤ እንዲያ ካልሆነ ታማሚው ወደ አንድ ወገን ይንሸራተታል። አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ ከፀሐይ ትከልላለች፣ ሌላዋ ውሃ ይዛ ትከተላለች። ወላዷን ገና ከቤት ሳትወጣ በጎኗ ያስተኟታል። ይህን አሸካከም ያየሁት ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ወርጄ ለማገዝ ትከሻዬን ሳስጠጋ አንድ ሽማግሌ «አብሽር፣ የኔ ልጅ፣ ቁመትህ ከነዚህ ጋር አይገጥምም፤ ይልቅ ቀድመህ መኪናውን አስቁምልን» አሉኝ። መኪናውን አስቆምኩ። የተሸከሟት ሴት የራሳቸው ቅሬ ሰው እንዳልነበረች ኋላ ነው የሰማሁት፤ ሌላው ቅሬ ተሸክሞ አድርሷት ድንበር ላይ ነው የተረከቧት።

ሁለት ቃሬዛ ያላቸው ቅሬዎችም አሉ፤ አንዱ ለቀብር፣ አንዱ ለታማሚ። አቅም ላለው ቅሬ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው። አስከሬን የወጣበት ላይ ተኝቶ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ልቡ አይጠናም።

እንግዲህ ቅሬ ለምን ብር አይሰበስብም ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። ግራና ላይ ሰው ሲታመምም ሆነ ሲሞት የሚያስፈልገው ነገር ገበያ ላይ የለም። ቆፋሪም ተሸካሚም ሆኖ የሚቀጠር ሰው የለም፤ ሁሉም የራሱ ማሳ አለው። አዲስ አበባ ተቃራኒው ነው። መቃብሩ በክፍያ ይቆፈራል፣ አስከሬኑ በመኪና ይሄዳል፣ አውቶቡሱ በኪራይ ይመጣል፤ ጎረቤቱ ግን ሥራ ላይ ነው፣ ካልሠራ የቀን ገቢው ይቀርበታል። ስለዚህ እድሩ የጎደለውን ገንዘብ ይሞላል፣ ቅሬውም የጎደለውን ትከሻ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን ባንዱ መለካት ነው ስህተቱ።

ማን ይጎዳል ከተባለ ግን ልዩነት አለ። ቅሬ ከሀብታሙም ከድሃውም የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ አንድ ትከሻ። ድሃው ትከሻ አያጣም። እድር የወር መዋጮ ያቋረጠውን ይሰርዛል፤ መዋጮ የሚያቋርጠው ደግሞ ሥራ ያጣው፣ የታመመው ነው፤ እድሩ ይበልጥ በሚያስፈልገው ሰዓት ከመዝገብ የሚወጣ ሰው አውቃለሁ። በሌላ በኩል እድር ሩቅ ይሄዳል። ከካዛንቺስ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው በወር አንድ ጊዜ መዋጮውን ይዞ ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ይመለሳል፤ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ ከተነሱት አንዳንዶቹም እንዲሁ ከእድራቸው ጋር ለመቆየት ከከተማ ዳር ይመላለሳሉ። ቅሬ ይህን አይችልም። ጎጡን የለቀቀ ቅሬውን ለቀቀ።

ይህ የኛ ብቻ ነገር አይደለም። በኢንዶኔዥያ፣ ጃዋ ደሴት ገጠር፣ ጎረቤት ሲሞት መንደርተኛው ተሰብስቦ መቃብር ይቆፍራል፣ ምግብ ይሠራል፤ እንዲህ ያለውን የጋራ ሥራ ጎቶንግ ሮዮንግ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ወደ ሃዋይ የሄዱት ጃፓናውያን ደግሞ ከአገራቸው ይዘውት የሄዱትን የሰፈር ማኅበር፣ ኩሚያይን፣ እዚያ አቋቁመው ቀብር ያስፈጽሙ ነበር። ለቀስተኛው ኮደን የሚባል ገንዘብ በፖስታ ያመጣል፤ ቤተሰቡ ስሙን ከመጠኑ ጋር መዝግቦ በሱ ተራ ይመልሳል። አርሶ አደሩ በጉልበት፣ ደመወዝተኛው በፖስታ። ከግራናና ከኮልፌ ምን ለየው?

ቅሬው የተፈተነበት ቅርብ ጊዜ 2014 ዓ.ም. ነው። የሰሜኑ ጦርነት ወልድያንና መርሳን ይዞ በቆየባቸው ወራት ባንኩ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ፣ መብራቱ ዝግ ነበር። ከባንክ የማይወጣ ገንዘብ በዚያ ጊዜ ለማንም አልጠቀመም። በዚያ ሰሞን የሞተው ሰው የተቀበረው በጎረቤቱ እጅ ነው።

ቅሬ ጨካኝ ገጽ እንዳለው አልደብቅም። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ አይጠየቅም፣ ሲሞት ቀባሪ የለውም። ይህ ሥልጣን ሌባን አደብ አስገዝቷል፣ ደም አድርቋል፤ በቂም ሲያዝ ግን አንድን ቤተሰብ ከአገር ያስነቅላል። ባለሥልጣንም ለራሱ ጉዳይ ሊጠቀምበት ይመጣል፤ ስብሰባ ያልወጣ፣ መዋጮ ያልከፈለ በቅሬው ይቀጣ ይላል። እዚህ ላይ ዳኞቹ እንቢ ማለት አለባቸው። ቅሬ የታማሚና የሞት ጉዳይ ነው፤ ሌላ ጭነት ሲበዛበት ሰው ይሸሸዋል።

አሁን ትልቁ ጥያቄ ከሳዑዲ የመጣው ነው። ከሀብሩ ወጣቱ በባሕርም በየብስም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ወሎ ውስጥ ተመላሽ ያልነበረበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነበር፤ ብዙዎቹም መልሰው ሄደዋል። ብሩ ይመጣል፣ ቆርቆሮ ቤቱ ይሠራል፣ ትከሻው ግን የለም። አንድ ቅሬ በዚሁ ጉዳይ ሲከራከር ግራና አጠገብ ተቀምጬ አዳምጫለሁ። አንዱ ወጣት ዓረብ አገር ያሉት ገንዘብ ይላኩ፣ ቃሬዛ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ይቀጠር አለ። ዳኛው ሸህ «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የቀን ሠራተኛ ከየት ላምጣ?» አሉት። አንዲት ባልቴት ተነስተው «ሸሁ፣ እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ጅዳ ነው። ቅጣቱ በኔ ላይ ሊሆን ነው?» አሉ።

ተነጋግረው የወሰኑት ይህን ነው። ልጁ ውጭ ያለበት፣ ሌላ ወንድ የሌለበት ቤት አይቀጣም፤ ሴቲቱ በውሃና በእንጀራ ትቀጥላለች። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ለጠፍርና ከመኪና መንገዱ ወዲያ ለባጃጅ ይውላል። አገር ቤት ያለ ጤነኛ ሰው ግን ገንዘብ ከፍሎ ከትከሻ አይወጣም፤ ይህ ላይ አንድም ተቃዋሚ አልነበረም። ሳይቋጭ የቀረው መርሳ ከተማ ቤት ሠርቶ ቤተሰቡን ያዛወረ፣ መሬቱን ግን ግራና ላይ የሚያርስ ሰው ቅሬው የት ነው የሚለው ነው። ሸሁ ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደሩት። እኔ ብጠየቅ ሌሊት ቢታመም ቃሬዛ የሚመጣለት ከሚያድርበት ሰፈር ነውና ቅሬውም እዚያው ይሁን እላለሁ፤ ግን አልተጠየቅኩም፣ የቅሬው ሰው አይደለሁምና መጠየቅም አልነበረብኝም።